ማንም በሳቅ አልሞተም፦ ስለ «ሊትራሊ» ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በመምህራን የቴሌግራም ቡድኖች ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ ብቻ ከሦስት ሰው ደርሷል። ሦስተኛው ላኪ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ «ቲቸር፣ ይህን ሳያነቡ እንጀራ እንዳይቀምሱ» ብሎኛል። እንጀራዬን በላሁና አነበብኩት።

ጽሑፉ ፍርድ ቤት ያቆመው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ሊትራሊ»። ጸሐፊው ስማቸውን አልጠቀሱም፤ የጎጃም ልጅ መሆናቸውን ግን ሁለት ጊዜ ነግረውናል። አማርኛቸው ያማረ ነው። ክርክራቸውን ሳላዛባ ላስቀምጠው። ቃሉ «ፊደል» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ስለሆነ ትርጉሙ አንድና አንድ ብቻ ነው፤ በአማርኛ «ቃል በቃል» ወይም «በቁሙ» የምንለው። ስለዚህ «ሊትራሊ በሳቅ ሞትኩ» የሚል ሰው ዋሾ ነው። ይህን አጠቃቀም ያመጣው የቲክቶክ ትውልድ ነው፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2013 ላልተማሩ ሰዎች እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የራሱን ተቃራኒ ስለሚናገር ለምንም አይጠቅምም። አማርኛ ግን ሰምን ከወርቅ ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ በመሆኑ ይህ በሽታ አልደረሰበትም፤ የቅኔ አገር ልጅ ይህን ከባዕድ ሲቀዳ ማፈር ይገባዋል። በመጨረሻም ልጆቻችን «ሊትራሊ»ን አማርኛቸው ውስጥ እየሰነቀሩ ሁለቱንም ቋንቋ እያበላሹ ነው ይላሉ።

በመጨረሻው ነጥብ ከግማሽ በላይ እስማማለሁ። በቀሩት ግን አይደለም፤ በአራተኛው ደግሞ ጭራሽ።

ከፊደሉ እንጀምር። ቃሉ ከላቲኑ «ሊተራ» መምጣቱ እውነት ነው፤ ትርጉሙም ፊደል ነው። ዳሩ ግን የቃል ፍቺ በሥሩ ይወሰን ከተባለ «ሊትራሊ» ማለት «በቁሙ» ሳይሆን «ፊደል በፊደል» መሆን ነበረበት። «ቤቱ ሊትራሊ ተቃጠለ» ሲባል ጸሐፊው ይህ ትክክለኛው አጠቃቀም ነው ይላሉ። ታዲያ ፊደሉ የታለ? ከፊደል ወደ «እውን የሆነ ነገር» የተደረገው ጉዞ ራሱ በምሳሌ የተደረገ ጉዞ ነው። እሳቸው የሚጠብቁት «ንጹሕ» ትርጉም አንድ ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ የሄደ ነው። እኛስ «ፊደል የቆጠረ ሰው» ስንል ከሀ እስከ ፐ በጣቱ የቆጠረ ማለታችን ነው? «ጎበዝ»ም ዛሬ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው፤ የጎበዝ አለቃ ግን የክፍል አለቃ አይደለም።

ነገሩ ይበልጥ የሚታየው በታላላቅ ወንድሞቹ ነው። ደብተራችን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቬሪ ጉድ» ሲጻፍልን የፈነደቅን ሁሉ «ቬሪ» የምትለዋ ቃል ከየት እንደመጣች አናውቅም ነበር። ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣች ናት፤ የላቲን ሥሯ «እውነት የሆነ» ማለት ነው። መጀመሪያ ስትገባ የምትለው «እውነተኛ» ነበር። ዛሬ «ቬሪ» የሚል ሰው ስለ እውነት እየመሰከረ ነው የሚል የለም፤ «በጣም» እያለ ነው እንጂ። «ሪሊ» እና «ትሩሊ»ም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ምክንያቱም አይከብድም፤ ሰው ነገሩን ማጠንከር ሲፈልግ ከእጁ ያለው ትልቁ ዱላ «እውነቴን ነው» ማለት ነው። ዱላው በየቀኑ ሲመዘዝ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ሌላ ይቆረጣል። «ሊትራሊ» ዘግይቶ የተቆረጠው ዱላ ነው። በ«ቬሪ» ያልተቆጣ ሰው በ«ሊትራሊ» ምን አስቆጣው? የታናሽየውን ጉዞ በዓይኑ ስላየው ብቻ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ክስ የቲክቶክ ነው፤ ይህን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ቃሉን ያበላሸው የቲክቶክ ትውልድ እንደሆነ፣ ኦክስፎርድም እ.ኤ.አ. በ2013 እጁን እንደሰጠ ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቲክቶክ ገና አልተፈጠረም ነበር።

መዝገቡን ካየነው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ያ ትርጉም ኦክስፎርድ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በ2013 የሆነው ጋዜጠኞች ዘግይተው አይተውት መጮኻቸው ነው። አሜሪካኖቹ ሜሪያም ዌብስተሮች በትልቁ መዝገበ ቃላታቸው ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ የእኛ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ማርክ ትዌይን በ1876 ባሳተመው ልብወለድ ቶም ሶየር፣ ጠዋት ባዶ ኪሱን የነበረ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ «ሊትራሊ በሀብት ላይ ይንከባለል ነበር» ብሎ ጽፏል። ሀብቱ ምን እንደሆነ ያነበበ ያውቃል፤ የብርጭቆ ስባሪና የመሳሰለው ኮተት፣ ደግሞም ባለ አንድ ዓይን የድመት ግልገል።

ከሁሉ የወደድኩት ምሳሌ ግን ኦክስፎርዶች ለዚህ አጠቃቀም የቆየ ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱት የ1769ኙ ነው። ፍራንሲስ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ ናት የጻፈችው። አንድ ሰው እግሩ እንደ ረገጠ ከቆነጃጅት ጋር በመተዋወቁ እድለኛ ነው ትልና «ይህ ሊትራሊ በአበቦች መካከል መሰማራት ነው» ትላለች። አነጋገሩን ከየት እንዳመጣችው ለጎጃም አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ነው። ሊቃውንቶቻችን በቁሙ ማንበብ አይገባም ብለው ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚተረጉሙት መጽሐፍ! ቃሉን «አበላሸች» የምትባለው ሴት ያበላሸችው ከዚያ መጽሐፍ ጥቅስ ጋር አጋብታ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ክሳቸውን ትንሽ ያለዝቡት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ ልሁን። ቅሬታውም ከእሳቸው አልጀመረም። በዚያው በ1909 አሜሪካዊው ጸሐፊ አምብሮዝ ቢርስ፣ ማጋነኑ ሳያንስ የተጋነነውን እውነት ነው ብሎ መማል አይቻልም ሲል ተቆጥቶ ነበር። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ ከቲክቶኩም ይሻላል። መዝገበ ቃላትም ዳኛ አይደለም፤ ሰው የሚለውን የሚጽፍ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ «መዝገበ ቃላት ውስጥ አለና ዝም በሉ» ብዬ አልከራከርም። ጸሐፊውም «መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቱ ሽንፈት ነው» ሊሉ አይገባም እንጂ።

ሦስተኛው፣ «ቃሉ የራሱ ተቃራኒ ሆነ» የሚለው ነው። ይህን ብዙ የተማሩ ሰዎችም ሲሉት እሰማለሁ፤ ቀላል ፈተና አለው። ተቃራኒው ከሆነ «ሊትራሊ»ን አውጥተን በቦታው «በምሳሌ» ብንከት ዓረፍተ ነገሩ አይለወጥም ማለት ነው። እስቲ እንክተት፤ «በምሳሌያዊ አነጋገር በሳቅ ሞትኩ።» ማን ነው እንዲህ የሚለው? ነገሩ ቀዘቀዘ፣ ሳቁም ጠፋ። የተናጋሪው አሳብ «ይህ ምሳሌ ነው» ብሎ ማስታወቅ ሳይሆን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው መግፋት ነው። ምሳሌው ያለው «ሞትኩ» ላይ ነው። «ሊትራሊ» የሚሠራው ምሳሌውን ማጋጋል ብቻ ነው፤ ትርጉሙን አልገለበጠም።

ይህን ደግሞ አድማጩ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልተዋሸም። መናኸሪያ ቆመው የሚያውቁ ሁሉ የረዳቱን ጩኸት ያስታውሱ፤ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ውስጥ ሲገቡ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነው። ሰው ይስቃል እንጂ በሐሰት ምስክርነት አይከስሰውም። ረዳቱ የመቀመጫ ቁጥር እየነገረን ሳይሆን «ቶሎ ግቡ» እያለን መሆኑን ከተራራ የወረደው ገበሬ እንኳ ያውቀዋል። (መኪናው ሁለት ሰዓት ሲቆም መናደድ ሌላ ጉዳይ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው፣ አማርኛ ይህ በሽታ የለበትም ወደሚለው። ጽሑፉን ከከፈተው አንቀጽ አንድ መስመር ልጥቀስ፤ «አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ቃል ሲጠቀም ስሰማ በእውነት ደሜ ፈላ» ይላሉ ጸሐፊው።

በእውነት ደማቸው ፈላ። ደም የሚፈላው ከመቶ ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ሲል ነው፤ ጸሐፊው ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ገጽ ጽፈዋል። ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም። የከሰሱት ነገር ቁርጥ ራሱ ስለሆነ ነው፤ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ከፊቱ ደግሞ እውነትነቱን የሚያረጋግጥ ቃል። «በእውነት ደሜ ፈላ» እና «ሊትራሊ ደሜ ፈላ» መካከል ያለው ልዩነት የፊደል እንጂ የአሠራር አይደለም። እሳቸውም አልዋሹም፣ እኔም በትክክል ገብቶኛል፤ በጣም ተናደዋል።

አማርኛ በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ ያልተናነሰ ሀብታም ነው። «የምር» የሚለው ቃል ሥራው ምንድን ነው? «የምር ብርዱ ገደለኝ» ስንል ሰኔ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንት ሬሳ ይወጣ ነበር! «እርር ድብን አልኩ» ያለ ሰው ቤት አመድ የሚፈልግ የለም። «ክፉኛ ወደዳት» ስንል «ክፉ» ከፍቅር ጋር ምን አገናኘው? እንግሊዞች ከአስፈሪና ከዘግናኝ ቃላት «በጣም»ን እንዳወጡ እኛም ከ«ክፉ» አውጥተናል፤ ማንም ማንን አላስተማረም። «ጉድ» የሚለውም ቃል «እንደ ጉድ ይዘንባል» ላይ ሲደርስ ነውሩም ተአምሩም ቀርቶ ብዛቱ ብቻ ነው የተረፈው።

መሐላውን እዩት ደግሞ። የጎረቤቴ ልጅ ወጥ ቀምሳ «ማርያምን! ይጣፍጣል» ትላለች። መሐላ በአገራችን ቀልድ አልነበረም፤ ሽማግሌ ፊት፣ ታቦት ፊት የሚማል፣ በሐሰት ከተማለ ልጅ የሚያስቀጣ የሚባል ነገር ነው። ያን ያህል ክብደት የነበረው ቃል ነው ዛሬ ለሽሮ ወጥ ምስክር ሆኖ የሚቆመው። «እናቴ ትሙት!» የምትለዋም እናቷ ጓዳ ቡና እየወቀጡ ነው፤ ሰምተውም አይደነግጡም። ቢርስ የተቆጣበት «በተጋነነ ነገር ላይ መማል» እኛ ቤት ቃል በቃል መሐላ ነው። አሁን «ቃል በቃል» ያልኩት በትክክለኛው ትርጉሙ ነው፤ ጸሐፊው እንዳይቆጡ።

ይባስ ብሎ «ሊትራሊ»ን ተክታችሁ ተጠቀሙበት ብለው የሰጡን «በቁሙ» ራሱ ንጹሕ አይደለም። የመጽሐፍ መምህራን «በቁሙ ሲፈታ» ይላሉ፤ ቃሉ እንደቆመ፣ ሳይተረጎም ማለት ነው። ግሩም ቃል ነው። ይሁንና ገበያ ወጥቶ ምን እንደሆነ ስሙ። ልጇ ያዋረዳት እናት «በቁሜ ቀበረኝ» ትላለች። ከሥራ ተባሮ ቤት የዋለ ሰው «በቁሙ ሞቷል» ይባላል። ቆሞ የሚሄድ ሰው ነው፤ አልተቀበረም፣ አልሞተም። «በቁም» የሚለው ቃል እዚህ ያለው ሞቱን ለማክበድ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ለማረም የተላከው የአማርኛ ቃል ራሱ ከዚያው ወንዝ ሲሻገር ተገኘ።

ስለ ቅኔው ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ይህን ያነሡት በትክክለኛው አገር ነው። ዋሸራን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን ያፈራ ምድር ስለ ሰምና ወርቅ ቢኮራ ይገባዋል። ግን ሰምና ወርቅ የሚያስተምረን ምንድን ነው? አንጥረኛው በሰም ቅርጹን ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰሙ እንደ ነገሩ የተሠራ እንደሆነ ወርቁም ይጣመማል። ባለቅኔው እንደዚሁ ነው፤ ሰሙን በሙሉ ልቡ፣ እውነት አስመስሎ ይናገራል። ለዚሁ ጉዳይ አንድ ሁለት መስመር በአማርኛ ገጥሜያለሁ፤ እንደ ቅኔ ሳይሆን እንደ ማሳያ ይቆጠርልኝ፦

«ይጎድላል ብለውኝ ዳር ቆሜ ዋልኩኝ፤
አባይን አምኜ በረሃ አደርኩኝ።»

ሰሙ ከደጀን በታች ወንዙ እስኪጎድል የጠበቀ መንገደኛ ነው። ወርቁ ዋሾ ሰው አምኖ ሜዳ ላይ የቀረ ነው፤ «አባይ» ውሸታምም ነውና። አሁን ሁለተኛው መስመር ላይ «በምሳሌ» የሚል ቃል ጨምሩበት። ግጥሙ አለቀለት።

እኛ ጋ አማርኛ የሚያስተምር፣ ልጅነቱን ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ያሳለፈ ባልደረባ አለኝ። ጽሑፉን አሳየሁትና «ባለቅኔ ሰሙን ሲናገር ይህ ሰም ነው ብሎ ያስጠነቅቃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

«ቅኔ ልዝረፍ ብለህ ተነሥተህ ይሄ ሰም ነው ብትል የኔታ ምን የሚሉህ ይመስልሃል?»

«ምን ይሉኛል?»

«ተቀመጥ!»

«ቅኔ ዘረፈ» ማለትም ራሱ ያው ነው፤ ዘራፊም ተዘራፊም የለም።

እዚህ ግን ጸሐፊው ሊመልሱልኝ የሚችሉት ነገር አለ፤ ቀድሜ ልበለው። በቅኔ ሁለቱም ትርጉሞች ሕያው ናቸው፤ አድማጩ ሰሙንም ወርቁንም ይይዛል። «ሊትራሊ በሳቅ ሞትኩ» ላይ ግን ሁለተኛ ትርጉም የለም፤ ማጋነን ብቻ ነው። ልክ ነው። የመንደር ወሬ ቅኔ ነው አልልም። የምለው አማርኛ ተናጋሪ ምሳሌን እውነት አስመስሎ መናገርን ከማንም አልተማረም፣ ሊያፍርበትም አይገባም ነው።

የቀረው የልጆቹ ነገር ነው። «ሊትራሊ ደክሞኛል ባክህ» የሚል አማርኛ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል፤ «የምር» የሚባል የሸጋ ሸጋ ቃል እያለ። አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ የገባው ለማጠንከር ሳይሆን እንግሊዝኛ ማወቅን ለማሳየት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። ነገር ግን ይህ የትርጉም ስሕተት ሳይሆን የጉራ ጉዳይ ነው፤ «አክቹዋሊ» እና «ቤዚካሊ»ም በዚሁ ይከሰሱ። ደግሞ ልጆቹ ቃሉን አማርኛ ውስጥ ሲከቱት እንግሊዞቹ ከሚከቱበት ቦታ ነው የሚከቱት፤ በሰዋስው ረገድ አልተሳሳቱም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የጽሑፍ ነገር ግን ሌላ ነው። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ደንብ አንድ ነው፤ ነገሩ በቁሙም በምሳሌም ሊሆን የሚችል ከሆነ ቃሉን አትንኩት። «የቡሬ ገበያ እሳት ሆኗል» ስንል ዋጋው ነው። «ሊትራሊ» ከተጨመረበት አንዱ ኪሱን ሲዳብስ ሌላው ውኃ ይዞ ይሮጣል። በሕክምና ካርድ፣ በፖሊስ ቃል፣ በማመልከቻ ላይ ማጋነኛ አያስፈልግም። በሳቅ የሞተን ሰው ማንም አይጠራጠርም፤ በሌላ ነገር ሞተ የተባለን ግን እንጠራጠራለን።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አንድ ተማሪዬ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ «አባቴ የፈተና ውጤቴን ሲያይ ሊትራሊ ሞተ» ብሎ ጻፈ። አባትየው ክረምቱን ታሞ መክረሙን ሰምቼ ስለነበር ቀይ እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ። በእረፍት ሰዓት ልጁን ወደ ጥግ ወሰድኩና እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ «አባትህ... እግዜር ያጽናህ» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር! ደህና ነው እኮ! ደንግጦ ነው እንጂ።»

ድርሰቱን መልሼ ይዤ ቃሉ ላይ አሰመርኩ። ከጎኑ «ስሕተት» ብዬ አልጻፍኩም፤ «አስደነገጥከኝ» ብዬ ነው የጻፍኩት። አባትየው በሚቀጥለው ሳምንት ለወላጆች ስብሰባ መጥቶ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠ።